ኦተሮችና ሰባት ቤት

ጓደኛዬ ታምሩ የሚያጠናው የጠፉ ኦተሮችን ነው። የጠፉ ስል ከቤት ወጥተው የቀሩ ማለቴ አይደለም፤ ዘራቸው ካለቀ ቆይቷል። ኦተር ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ዓሣና ሸርጣን የሚበላ ዋናተኛ አውሬ ነው። ጣና ውስጥም አለ፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ያላየው ግን ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። ታምሩ ደግሞ ያሉትን ትቶ ያለቁትን፣ የማን ዘመድ ናቸው እያለ በየቤተሰባቸው ይመድባል። ደመወዝም ይከፈለዋል።

ባለፈው ዓመት ይኸው ሰውዬ አበባን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። የአበባ አክስት እማማ የሻረግ ለዚሁ ጉዳይ ከደቅ ደሴት በጀልባ መጥተዋል። እሳቸው ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የሚባል ነገር አይሰሙም። ቆጠርን። አምስት ላይ ስንደርስ ከታምሩ ወገን ከዚያ በላይ ያለውን ቅድመ አያት የሚያውቅ ጠፋ። እሱን ራሱን አስጠሩት። እሱም አያውቅም። የስንት ሚሊዮን ዓመት አውሬ ዘር የሚቆጥር ሰው የራሱ ስድስተኛ ላይ ሲቆም አያበሳጭም? እኔን አበሳጨኝ።

ሽምብራ ቆሎ ቀረበ። እማማ የሻረግ የታምሩን አፍ ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ይህ መንጋጋ የእኛ ነው! አባቴም እንዲህ ነበር የሚቆረጥሙት። ዘመዳሞች ናችሁ፤ በቃ፣ ቀርቷል» አሉ።

የጓዳው በር ላይ ቆማ የምትሰማው አበባ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ታምሩ ብድግ አለ። «እማማ፣ ጥርስ አይታመንም» አላቸው። አንዳንድ የጥንት ኦተሮች ሰፋፊ መንጋጋ ስላላቸው አንድ ቤት ናቸው ተብለው ኖረው፣ ኋላ ሲታይ ለየብቻ ሆነው መገኘታቸውን፣ ጥርሳቸውን ያመሳሰለው ጠንካራ ነገር መቆርጠም መሆኑን አብራራ። እማማ አሰቡ፣ አሰቡና፣ «እውነትም አባቴ ሽምብራ አይጠግቡም ነበር» አሉ። ተፈታ! ለምርቃት ተነሣን።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረበት። እማማ ግን፣ «ታዲያ በምን ለያችኋቸው?» ብለው ጠየቁት። እግሩን ረገጥሁት። የተማረ ሰው ሲጠየቅ ዝም ይላል?

«በጆሮ ነዋ!» አለ ደስ ብሎት። «የጆሮ አጥንት አይዋሽም።»

እማማ የሻረግ መነጽራቸውን አወጡ። ታምሩን ግራና ቀኝ አዙረው አዩት። ቀጥለው ወደ አበባ ዞሩ።

አበባ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ጆሮዋን ሸፍናለች። እስከ ሠርጉ ማግስት አልገለጠችውም።