የእድሩ ድንኳን ሽርሽር ወጣ

ጡረታ ስትወጪ ባልሽን እንደ አዲስ ታገኚዋለሽ ያለችኝን ሴት ዛሬ ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር። ምነው አትሉኝም? የኔ ባል የጠፋው ጡረታ የወጣ ጊዜ ነው። ሥራ ላይ እያለ እንኳ ማታ ማታ ይመጣ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ አድርጎ መረጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የኔ መሆኑ ቀርቶ የሟቾች ሆነ። ጠዋት ቀብር፣ ከሰዓት ለቅሶ ቤት፣ እሁድ ስብሰባ። እኔን የሚያገኘኝ ጥቁር ኮቱን እንድተኩስለት ሲፈልግ ነው።

ደምሴ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የእድሩን ብረት ድስት፣ የእድሩን ወንበር፣ የእድሩን ድንኳን ከልጆቹ እኩል ነው የሚያያቸው። እኔ ደግሞ ስልክ ቤት ነበርኩ፤ ኦፕሬተር። የዛሬ ልጆች አታውቁትም፣ ድሮ ሰው ከሰው የሚገናኘው በእኛ እጅ ነበር። እና አገሩን ሁሉ ሳገናኝ ኖሬ ከገዛ ባሌ ጋር መስመር ያጣሁ ሴት ነኝ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ደግ ነው። ስታመም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ችግሩ ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት አያውቀኝም! የካ ሚካኤል ስንሄድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ርቀታችንን ያየ የተኳረፉ ጎረቤቶች ነው የምንመስለው። ታክሲ ስንሳፈር እኔን ከኋላ አስገብቶ እሱ ጋቢና ይገባል። አንድ ጊዜማ መንገድ ላይ የድሮ ባልደረባውን አገኘን። ሰውዬው ወደኔ እያየ «እሳቸውን አላወቅኳቸውም» ቢለው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አብረን ነን» አለው። አብረን ነን! አራት ልጅ ወልጄለት! የአውቶቡስ ወረፋ የያዝን አስመሰለው እኮ።

ስለዚህ በልቤ አንድ ነገር ይዤ ነው የኖርኩት። ሳልሞት አንድ ቀን፣ ብቻ አንድ ቀን፣ ሰው ፊት ቆሞ «ይቺ ሚስቴ ናት፣ ከሷ ጋር መሆን ደስ ይለኛል» ሲል መስማት። ይሄ አሁን ትልቅ ነገር ነው? ለሱ ግን ጥርስ ከማስነቀል ይብስበታል።

ባለፈው ታኅሣሥ ብርዱ ጠና። እኛ ሰፈር ለምትኖሩ አልነግራችሁም፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ጉልበት ጉልበቴን ሲለኝ ነው የሚያድረው። ልጃችን ሶስና «ትንሽ ተናፈሱ» ብላ እንጦጦ ፓርክ ይዛን ወጣች። ምን አየሁ? ወጣቶች ድንኳን ተክለው ያድራሉ። በዚያ ብርድ! እኛ በልጅነታችን ከዚያ ጫካ ቅጠል ጠርገን ቶሎ ቤታችን ለመግባት ነበር የምንሮጠው። «ምን አጥተው ነው?» አልኳት። «ካምፒንግ ነው እማዬ፣ ሪላክስ እያደረጉ ነው» አለችኝ። አንደኛው ድንኳን ደጃፍ ላይ ባልና ሚስት ይሁኑ እጮኛሞች እንጃ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው ይሳሳቃሉ። ደምሴ ፊቱን አዞረ። እኔ አላዞርኩም። እንዲያውም አፍጥጬ ነው ያየሁት።

ሐሳቡ ያን ጊዜ መጣልኝ። ድንኳን ይዞ መሄድ እኛስ ምን ያንሰናል? ግን ለምን ወደ ብርድ? ወደ ሙቀት እንጂ! ከመተሃራ ወዲያ መንገድ ዳር አንዲት ፍልውሃ አውቃለሁ። እዚያ ወርደን፣ ብርዱ እስኪያልፍ፣ ሁለታችን ብቻ። ቀብር የለ፣ ስብሰባ የለ።

ደምሴን ማሳመን ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜያችን ሰው ምን ይለናል?» አለ። ጉልበትህን ፍልውሃው ያሽልሃል አልኩት። ቀጥሎ እንደነዚያ ልጆች ትንሽ ድንኳን ውስጥ እንደ ጥንቸል ተጎንብሼ አልገባም አለ። በመጨረሻ ራሱ መላ አመጣ። እድሩ አዲስ ድንኳን ስለገዛ አሮጌው መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ፀሐይ ካላገኘ ብል ይበላዋል። እንግዲህ ለኔ ሳይሆን ለድንኳኑ አዝኖ ተስማማ።

ፈቃድ ልንጠይቅ የእድሩ ጸሐፊ፣ አቶ ለማ ቤት ሄድን። «ለማ፣ አሮጌውን ድንኳን ለጥቂት ጊዜ ፈልጌው ነበር» አለና አንገቱን ደፋ። ከሚስቴ ጋር ልዝናና ነው ማለት አፍሮ ነው እኮ የደፋው! ለማ «ወዴት ነው ጋሽ ደምሴ?» አለው። «ወደ ቆላ ነው» አለና በአገጩ ወደኔ አመልክቶ ቀሪውን ዋጠው። ለማ ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። ሁለታችንንም አየን። «እግዜር ያበርታችሁ» አለን። እኔ ሞኟ ስለ ሙቀቱ መሰለኝ። አሜን አልኩ።

በኪራይ ፒክአፕ ወረድን። ቆላው ሲቀበለን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጠዋት ነጠላ አያስፈልግ፣ ማታ ጋቢ አያስፈልግ። ውሃው ከድንጋዩ ሥር እየጨሰ ይወጣል፣ ግመሎች በአጠገባችን ያልፋሉ፣ የጅቡቲ መኪኖች ከአስፋልቱ ላይ ያጓራሉ። ግን የእድር ድንኳን ሁለት ሽማግሌ ብቻውን አይተክለውም። የአካባቢው ወጣቶች ሳንጠራቸው መጥተው ተከሉልን። ሲሠሩ አይስቁ፣ አይጫወቱ። የሻይ ብንሰጣቸው እምቢ አሉ። ደምሴ ደግሞ ንብረትነቱ ይታወቅ ብሎ በጎኑ ላይ በትልቁ «መረዳጃ እድር» የሚለውን ወደ አስፋልቱ አዞረው።

ልጆቹ ተክለው ሲጨርሱ አልሄዱም። ገብተው ተቀመጡ። ዝም። መሬት መሬቱን ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ሁለት ሴቶች ተከተሉ፣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከነረዳቱ ገባ። ሁሉም ዝም። ከዚያ ሽማግሌው ተነሡና «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ወጡ። ክው አልኩ! በነሱም አይፈረድም። ሠርግ ነው እንዳይሉ ሙዚቃ የለ፤ ሙሽራ እንዳይሉ እኔን ያዩኛል።

ደምሴ ይነግራቸዋል ብዬ ብጠብቅ፣ «አሜን፣ እናንተንም ክፉ አይንካችሁ» እያለ ይሸኛቸዋል! ሰው ሲቀልልን ያዝኩት። «ማን ሞቶብህ ነው አሜን የምትለው?» «ታዲያ ምን ልበላቸው ብርቄ? በዚህ ሽበቴ ከሚስቴ ጋር ልዝናና መጣሁ ልበል?» «አዎ፣ በላ!» «ነውር ነው» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ። በውሸት ለቅሶ መቀመጥ ነውር አይደለም፤ ከሚስት ጋር ፍልውሃ መግባት ነው ነውሩ።

ተኮራርፈን አደርን። ግን ፍልውሃ ኩርፊያ አያስቀጥልም፤ ጠዋት ጀርባውን ማን ይሽለት? እየዋለ እያደረ ሰውዬው ተፍታታ። ቁምጣ ለበሰ። ደምሴ ቁምጣ! ውሃው ውስጥ ተቀምጦ ያወራኝ ጀመር። አንድ ቀን ምን አለኝ መሰላችሁ? ድሮ ከግምጃ ቤቱ እየደወለ «እገሌን አገናኚኝ» ይል የነበረው እገሌን ፈልጎ አልነበረም፤ «ማንን ላገናኝዎ?» ስል ድምፄን ለመስማት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ደብቆኝ! ውሃው ሙቅ ባይሆን ኖሮ ፊቴ መቅላቱን ያይብኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ግን ከአስፋልቱ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ከጠረገ አለቀ፤ ደምሴዬ ካጠገቤ ተነሥቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶች በሚቀመጡበት በኩል ሄዶ «አሜን» ማለቱን ይቀጥላል። እኔ ደግሞ ከኋላ ቁጭ። እዚያም የካ ሆነብኝ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ረፋድ ላይ ውሃው ውስጥ ሆኖ ጀርባውን ሳሸው፣ አንድ አውቶቡስ አቧራውን እያቦነነ ከአስፋልቱ ወጥቶ ድንኳናችን ፊት ቆመ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረደችው አስካለ ናት። አስካለን ታውቋት ይሆን? የእድራችን አስለቃሽ ናት። እሷ ሳትደርስ እኛ ሰፈር ለቅሶ ተጀመረ አይባልም። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ከኋላዋ አቶ ለማ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ከኋላው የእድሩ ሰው በሙሉ። ንፍሮ በማዳበሪያ፣ ዳቦ በቅርጫት። በሌሊት ነው የተነሡት። እኛን ያወረደን የፒክአፕ ሹፌር ነው ቦታውን ያሳያቸው። በስልክ ምነው አልጠየቁ ትላላችሁ? ለቅሶ በስልክ ይደረሳል እንዴ? ደግሞ ለማ በዓይኑ ያየውን ማን ይጠራጠራል? ድንኳን የጠየቀ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው ያየው።

ደምሴ ከውሃው ወጣ። በቁምጣ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። የሰፈሩ ሰው የደምሴን ጉልበት ሲያይ ያን ቀን የመጀመሪያው መሆን አለበት። ሁሉም አቀርቅሮ ቆመ። ለማ ጀመረ። «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ስንቱን ቀብረው፣ ስንቱን አጽናንተው፣ የራስዎን ሐዘን ብቻዎን ሊወጡት? እኛ ሞተናል?» አለ። ይሄኔ ደምሴ ወደኔ አየ። ዓይኑን አውቀዋለሁ። መውጫ እየፈለገ ነው። «የብርቄ የሩቅ አክስት ሞታ ነው» ቢል፣ ነገሩ በክብር ያልቃል፤ ንፍሮው ይበላል፣ ይለቀሳል፣ እድሩም ኮርቶ ይመለሳል። ይቺ የሌለች አክስቴ ልትሞት ነው አልኩ በሆዴ። እና እኔ፣ ሕይወቴን ሙሉ ሳወራ የኖርኩት ሴትዮ፣ ዝም አልኩ። አላገዝኩትም። እሱ ነው መናገር ያለበት።

ስብሰባ ሲከፍት እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ የሞተ ሰው የለም» አለ። «ድንኳኑን የወሰድኩት...» ቆመ። ላብ ይሁን የፍልውሃው ውሃ፣ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ከዚያ መጣና እጄን ያዘ። ሰው ፊት! «ይቺ ሚስቴ ናት። ከሷ ጋር ልዝናና ነው የወሰድኩት። ከሷ ጋር መሆን ደስ ይለኛል። ይህን መናገር አፍሬ ነው እንጂ ልዋሻችሁ አልነበረም። ላጠፋሁት እድሩ የወሰነብኝን እቀበላለሁ።»

እኔ ምን ማለት እንደነበረብኝ ብዙ ጊዜ አስቤበት ነበር፤ አንዲት ጥሩ መልስ አዘጋጅቼለትም ነበር። የት ትምጣልኝ! ደረቴ ላይ የተከመረው ሁሉ አንድ ጊዜ ወጣና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ማልቀስ አልነበረብኝም። አስካለ ከየካ ጀምሮ እንባዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት። የኔን ሲቃ ስትሰማ «ወይኔ እህቴን! ወይኔ ብርቄን!» ብላ ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከአስፋልቱ ላይ የመኪና ፍሬን ሲጮህ ይሰማኛል። የአካባቢው ሰው ዋናው ለቅሶ ዛሬ ነው ለካ እያለ ይሮጣል። ደምሴ መሃል ቆሞ በቁምጣው «ኧረ የሞተ የለም! የሞተ የለም እኮ!» ይላል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር እቅፍ አድርጎ ያዘውና «አይዞዎት አባቴ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» ይለዋል።

አስካለ አንገቴን አቅፋ፣ ማልቀሷን ሳታቋርጥ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። «ብርቄ፣ ለኔ እንኳ ደብቀሽ አትሙቺ። ማነው?»

«ማንም አልሞተም አስካለ» አልኳት። «ባሌ ሰው ፊት ወደደኝ።»

ትከሻዬን ይዛ ራቅ አለችና ፊቴን አየችኝ። ወደ ደምሴ ዞር ብላ አየች። ከዚያ አቶ ለማ አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ ወደተቀመጠው የራሷ ባል አየች።

«ውይ፣ በሞትኩት!» አለችና ለቅሶዋን እንደ አዲስ ጀመረችው።