ጋሽ ማርቆስና የመጋቢ ፍለጋችን

በሰው ላይ አቃቂር ማውጣት የማይሰለቻቸው ሽማግሌ አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኛ ጂንካ ውስጥ ጋሽ ማርቆስ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩን። በደርግ ጊዜ የጸሎት ቤታችን መጋቢ ሲሞቱ፣ ተተኪ እንዲፈልግ የተቋቋመውን ኮሚቴ የሚመሩት እሳቸው ሆኑ። ጉድ ፈላ!

ከወይጦ የመጣው ወንድም ስብከቱ አስለቀሰን። ጋሽ ማርቆስ ግን፣ «ሲሰብክ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በጉ ቢጠፋ በምን ያየዋል?» አሉ። ከካኮ የመጣው አሪኛውንም አማርኛውንም ያቀላጥፈዋል። «ምሳ ሲበላ ይቸኩላል፤ ለቅሶ ቤትም ይቸኩላል» ብለው እሱንም መለሱት። መልአክ ቢወርድ ክንፉን ሊለኩ ነው እንዴ? እኔማ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጴጥሮስንም አይቀበሉትም» ብላቸው፣ «መጀመሪያ ሰይፉን ያስቀምጥ» አሉኝ።

አንድ እሑድ እየዘመርን ሳለ የቀበሌው ካድሬ ታጣቂዎች አስከትሎ ገባ።

«መጋቢያችሁ ማነው? እሱን ይዘን እንሄዳለን።»

«መጋቢ የለንም» አልነው። እውነታችንን ነበር፤ አላመነንም።

«ካልነገራችሁኝ ሁላችሁንም አስራለሁ!»

ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። ጋሽ ማርቆስ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ማን መረጣቸው? ማንም። ግን አንዳችንም አቃቂር አላወጣንባቸውም። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «መዝሙሩን ጨርሱት እንጂ!» አሉን።

ጨረስነው። ከዚያ በኋላ ስንቅ ይዘን ወደ እስር ቤቱ ስንመላለስ ዘበኛው «የማን ነው?» ይለናል። እኛም ቀና ብለን፣ «የመጋቢያችን ነው» እንለዋለን።