ክብርት ካርታ

በየቤተሰቡ መንገድን በምላሱ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። በእኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ሰውዬው ራሱ ነው።

የእኛዋ ክብርት ካርታ አክስቴ ናቸው። ቀኝና ግራ የሚባል ነገር አያውቁም። «ያቺ ኬክ የበላንባት ጋ ስትደርስ ታጠፍ፤ ከዚያ እስከ ሐብሐቡ ቀጥ በል» ይላሉ። ሐብሐቡ ከተበላ ዘመን አልፎታል፤ ኬክ ቤቱም ባንክ ሆኗል። «ባንኩ ጋ ቢሉኝ ምናለ?» ብዬ ስነጫነጭ፣ «ባንክ ምን አብልቶኝ ያውቃል?» ይሉኛል።

ደግ ነገር ያልገጠማቸው ሰፈር ውስጥ ግን ወዲያው ይጠፋሉ። ግብር መሥሪያ ቤቱን ሁሌ ሰው ጠይቀው ነበር የሚያገኙት። አንድ ቀን ጥበቃው ብርቱካን ልጦ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዳሉ።

አምና ልብስ ሰፊው ባላቸው ታመው ሲነሡ፣ ከሱቃቸው ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፋቸው። ልጆቻቸው «ሱቁ ይዘጋ» አሉ። አጎቴ መቀሳቸውን ታቅፈው ተቀመጡ። ያን ቀን አንጀቴን በሉት።

ሐኪሙ «አንጎል ደስ ያለውን ቦታ አጥብቆ ይይዛል፤ ደስታው ትውስታን ‹ይቺን እንዳትረሳ› ይለዋል» ሲል፣ ክብርት ካርታ የሙያ ባልደረባ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው ወጡ። መድኃኒት ቤቱ ጥግ ላይ ከረሜላ፣ ፀጉር ቤቱ ጋ የኳስ ወሬ፣ መጽሐፍ ሻጩ ጋ ኦቾሎኒ።

«እንደ ሕፃን በከረሜላ?» ብዬ አሾፍኩ።

«ዝም በል! አንተንስ መራመድ ያስተማርኩህ በብስኩት አይደል?»

ከወራት በኋላ አጎቴ ብቻቸውን ከሱቅ ወደ ቤት ሄዱ፤ እኔ ተደብቄ እንድከተል ታዘዝኩ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ታጠፉ። ፀጉር ቤቱ ጋ ፈገግ አሉ። መጽሐፍ ሻጩንም አለፉ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን ቆሙ። ክብርት ካርታ ‹ቤት ደረስን› ብለው እዚያ ምንም አጉርሰዋቸው አያውቁም። ከተደበቅኩበት ልወጣ ነበር። አጎቴ ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ታጠፉ።

«እዚያ ጥግ ምን አገኙ?» አልኳቸው በር ላይ ደርሼባቸው።

ሚስታቸውን በአገጫቸው አሳዩኝ። «በዚህ ስታጠፍ እሷ በር ላይ ትታየኛለች።»

ክብርት ካርታ ከረሜላ አውጥተው ባላቸውን አጎረሷቸው።

ትናንት አንድ መንገደኛ የአጎቴን ሱቅ ጠየቀኝ። ሳላስበው «ኦቾሎኒው ጋ ታጠፍ» አልኩት። ግራ ገብቶት ሲያየኝ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ከረሜላ ሰጠሁት።