ስም የምትጠራው መስኮት

ይህን የምነግርህ በሕይወቴ ምዬ ነው። አንዲት ቃል ብዋሽ ጡረታዬ ይቁም! ከዚህ የከበደ መሐላ አላውቅም። ወጣት በእናቱ ይምላል፣ ነጋዴ በልጆቹ ይምላል፣ ለእኛ ለጡረተኞች የቀረን ይሄው ነው። ስለዚህ እመነኝና ስማ።

ባንክ ተሰልፈህ ሰለቸህ አሉ። አይ ወዳጄ፣ አንተ ሰልፍ መቼ አየህ! ሰልፍ ማለት ድሮ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር የነበረው የእኛ የጡረተኞች ሰልፍ ነው። ጡረታ የሚከፈለው በአንዲት መስኮት ነበር፤ የርግብ ቤት በር ብታክል ነው። የሰልፉ ራስ መስኮቷ ሥር ሆኖ ጭራው ከከተማው ውጭ ቁሓ ይደርስ ነበር። ትስቃለህ? የቁሓ ጡረተኞች እኮ ለመሰለፍ ከቤት መውጣት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ሰልፉ ራሱ ደጃቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። ጢሙ ጥቁር ሳለ ተሰልፎ፣ መስኮቷ ጋ ሲደርስ ከመሸበቱ የተነሣ “ይህ ፎቶ የእርስዎ አይደለም” የተባለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ በእግራችን የምንቆም እንዳይመስልህ። የሚሰለፍልን ድንጋይ ነበር። ጠዋት የመጣ ሰው ድንጋዩን በተራው ያስቀምጥና ግንቡ ጥላ ሥር ሄዶ ያወራል። የእያንዳንዱ ድንጋይ ይታወቃል። የእኔ ከአጥሬ የወደቀች ነጭ ድንጋይ ነበረች። የሰይድ ግማሽ ጡብ ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ለቀን ሥራ መቀሌ መጥቶ፣ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣ። የአቦይ ሐጎስ ደግሞ ሬንጅ የተጣበቀበት ጥቁር ድንጋይ ነው። ሐጎስ ዕድሜውን ሙሉ ግሬደር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ያቺን ድንጋይ ከማይጨው መንገድ ላይ ይዟት መጣ፤ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው የምስክር ወረቀት ይልቅ የሚያከብረው እሷን ነበር።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ብዙ ዓመት ፋይል ከመሸከሜ የተነሣ ዛሬም ስተኛ እንደ ፋይል ታጥፌ ነው።

ከፋያችን ወይዘሮ አልጋነሽ ትባል ነበር። ድምጿን ብትሰማ! እሷ እዚህ ስም ስትጠራ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎች የክፍል ስም ጥሪ መስሏቸው እጃቸውን ያወጣሉ ይባላል። ስም የምትጠራው ከነአያት ነው። “ሐጎስ ገብሩ ወልዱ!” ትላለች። ሐጎስ ከጥላው ሥር “አለሁ!” ብሎ ይነሣል። ሦስት ጊዜ ጠርታው ሰው ዝም ካለ፣ መዝገቡን ወደ ጎን ታደርግና እኛን ቀና ብላ ታየናለች። ምንም አትልም። ያን ጊዜ ሦስት ሰው ተነሥቶ ወደ ሰውየው ቤት ይሄዳል። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አላወጀውም፤ ደንብ ነበር። አንዱን ሚስቱ ተጣልታው ሱሪውን ደብቃበት በጋቢ ተጠቅልሎ አገኘነው። ሌላዋ ቤት ስንደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ሐጎስንም አንድ ጊዜ እንዲሁ ነው ያገኘነው። ብቻውን ነው የሚኖር፤ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅም አልወለዱም። ቤቱ ከልብስ ሰፊው ከኪሮስ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የዚያን ወር አልጋነሽ ሦስት ጊዜ ጠራችው፤ ዝም። ሄደን በሩን ብንገፋው ወለሉ ላይ ወድቋል። ጭኑ ተሰብሮ ሁለት ቀን እዚያው ተኝቷል። ከንፈሩ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። እኛን ሲያይ ምን አለ መሰለህ?

“ተራዬ አለፈኝ እንዴ?”

ከዚያ ወዲያ በከዘራ ነው የሚሄደው። ሰልፉን ግን አንድ ወር አላጓደለም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ወሬ መጣ። ጡረታችን ከመስኮቷ ወደ ባንክ ይዛወራል ተባለ። ፎቶ ሁለት፣ መታወቂያ፣ አንድ ቅጽ፤ ፈርመህ ወደ ቤትህ። ደስታዬን አልደብቅህም። ጉልበቴ ያመኝ ነበርና ቅጹን በመጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ያማረ ስለሆነ የሰውንም ሁሉ ሞላሁ። “ተገላገልን!” እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር ለምርጫ የምቀሰቅስ እመስል ነበር። ሁሉም ፈረመ። ሐጎስ እምቢ አለ።

ይዤው ባንክ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችው።

“አቦይ፣ ከእንግዲህ መሰለፍ የለም። እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው ይገባልዎታል” አለችው።

“ቤት መቀመጡንማ ሞክሬው ነበር” አለ ሐጎስ። “በይ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ባንኩ ስም ይጠራል?”

“አይጠራም አቦይ። ምን ያደርጋል?”

“ባልመጣስ ማን ያውቃል?”

ልጅቱ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። “ባይመጡም ችግር የለም፤ ሒሳብዎ ውስጥ ይቀመጥልዎታል።”

“እሱስ ይቀመጣል” አለ። “እኔን ነው ያልኩሽ።”

ስንወጣ በደጅ ያዝኩት። መስኮቷ ልትዘጋ ነው፣ ለአንድ ሰው ብለው አልጋነሽን አያስቀምጧትም አልኩት። ከዘራውን ይዞ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። በመጨረሻ፣ ወዳጄ፣ አፌ አመለጠኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት፣ ደጅህ ቆሜ እኔ ራሴ እጠራሃለሁ አልኩት።

“ከነአያት?” አለ።

“ከነአያት።”

“በል እስቲ ጥራኝ።”

መንገድ ላይ ጠራሁት። ከዘራውን እየነቀነቀ፣ “ኣንታ፣ ይሄ ምን ጥሪ ነው! የአልጋነሽን አስመስል እንጂ! እንዲህ ተጠርቼማ ደኅና ሆኜም አልነሣ” አለኝ። አራት ጊዜ አስጮኸኝ። በአምስተኛው “አለሁ” አለና ተመልሶ ገብቶ ፈረመ።

የካርዱን ነገር ደግሞ ስማኝ። ባንኩ ለእያንዳንዳችን ካርድ ሰጠን፤ ከካርዱ ጋር አራት ቁጥር። ቁጥሩን ለማንም አትንገሩ ተባልን። እኛ ምን አደረግን? ተማከርን። በዚህ ዕድሜ የራስን ነገር የሚያስታውስ የለም፤ የሰው ነገር ግን ማን ይረሳል? የጎረቤቴን ልጅ የሠርግ ቀን አውቃለሁ፣ የራሴን መነጽር ስፈልግ እውላለሁ። ስለዚህ ተከፋፈልን። የእኔን ቁጥር ሰይድ ያዘ፣ የሐጎስን እኔ ያዝኩ፣ የሰይድን ሐጎስ ያዘ። ብር ማውጣት የፈለገ ቁጥሩን ከያዘለት ሰው ጋር ይሄዳል። ባንክ ያን ያህል የረቀቀ ጥበቃ የለውም፤ ሌባ ቢመጣ ሦስት ሽማግሌ አንድ ላይ መጥለፍ አለበት። ሰይድ መጀመሪያ ቀን ማሽኑን “አሰላሙ አለይኩም” ብሎት ነበር። ማሽኑ “እባክዎ ይጠብቁ” ብሎ ጻፈለት። “ወላሂ ከብዙ ሰው ይሻላል” አለ ሰይድ፣ በአክብሮት ባርኔጣውን አስተካክሎ።

እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሐጎስ ደጅ ቆሜ በአልጋነሽ ድምፅ እጮሃለሁ። “ሐጎስ ገብሩ ወልዱ!” ከውስጥ “አለሁ!” ይላል። ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ ከዘራውን ይዞ ነው የሚጠብቀኝ። ጎረቤቱ ኪሮስ መጀመሪያ የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሎት ነበር፤ በኋላ ለመደው። ለስንት ወር? ብዙ ነው። አንድም አላጓደልኩም።

ነሐሴ መጣ። ነሐሴ አንድ ቀን አልሄድኩም። ምን ላድርግ ወዳጄ፣ ቀኑን ረሳሁት። ባንኩ ነው ያስረሳኝ። ድሮ ወር መግባቱን ድንጋዬን ሳነሣ እጄ ይነግረኝ ነበር። አሁን ወሩ ድምፁን ሳያሰማ ይገባል፣ እኔም ሳልሰማው ያልፋል።

በስድስተኛው ቀን ሰይድ ተናዶ መጣ። ማሽኑ ካርዱን ውጦበታል። ሐጎስን ከማስቸግር ብሎ ቁጥሩን ራሱ ሲሞክር፣ ሦስቴ ተሳስቶ።

“ተነሥ ሓወይ፣ ሐጎስ ዘንድ እንሂድ። ቁጥሬ እሱ ዘንድ ነው” አለኝ።

ካፖርቴን እንኳ ሳልለብስ ተነሣሁ። ሄድን። ደጁ ቆሜ ጠራሁ። ዝም። ሁለተኛ ጠራሁ። ሰይድ እጄን ያዘኝ። ሦስተኛውን ስጠራ ልብስ ሰፊው ኪሮስ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ።

“አቦይ፣ በጃኹም አይጥሩ” አለ። “ትናንት ቀበርናቸው።”

“ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ለብሰው፣ ወንበር ደጅ አውጥተው ተቀመጡ” አለን። “ዝናብ መጣ፤ ይግቡ አልኳቸው፣ ‘የሚጠራኝ ሰው አለ’ አሉኝ። ካፖርታቸው እስኪበሰብስ ተቀመጡ። እኔ በማግሥቱ ለፍልሰታ ወደ እናቴ አገር ሄድኩ፤ ሱቁ ተዘጋ፤ በዚህ በኩል የሚያልፍ የለም። ስመለስ ወለሉ ላይ አገኘኋቸው።” ኪሮስ ይህን ሲነግረን ወደ እኔ አያይም ነበር፤ ሜትሩን ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል። ቀብሩ ላይ ከኪሮስና ከካህኑ ጋር አምስት ሰው ነበረ። ሰልፉ ሙሉ ጡረተኛ አንዱም አልሰማ።

በማግሥቱ ከሰይድ ጋር ባንክ ሄድን። ያቺው ጨዋ ልጅ ናት።

“ምንም ችግር የለም አባባ፣ አዲስ ቁጥር እናወጣልዎታለን” አለችው። “የድሮውን የሚያውቅልዎ ሰው ካለ ግን ይጥሩት፣ ቶሎ ያልቃል።”

ሰይድ ባርኔጣውን አወለቀ።

“ተጠርቶ ነበር” አላት። “ዘግይተን ነው።”

ከዚያ ወዲህ ሰይድ እኔን ይጠራኛል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት፣ ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ በዝናብ ውስጥ ሳይቀር ይመጣል። ስሜን ከነአያቴ ይጠራል፤ በወሎ አነጋገር ስለሚያዜመው የመንዙማ መሪ ነው የሚመስለው። “አለሁ” እለዋለሁ። እኔም የእሱን እጠራለሁ። ስለ ሐጎስ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ቀን መርሳት የዕድሜ ነገር ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ያስረዳልኛል፤ ለኪሮስ፣ ለአልጋነሽ፣ ላልጠየቀውም ሰው።

እንግዲህ የማልኩት መሐላ አለና፣ ከነገርኩህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ቀኑን አልረሳሁትም። ጠዋት ተነሥቼ ካፖርቴን ሁሉ ለብሼ ነበር። በመስኮት ዝናቡን አየሁት፤ ጉልበቴን ዳበስኩት፤ “ሐጎስ የት ይሄዳል፣ ዝናቡ አባርቶ ሲውል እጠራዋለሁ” አልኩና ካፖርቴን አውልቄ ተመልሼ ተኛሁ። ጥሩ እንቅልፍ ነበር፣ አልዋሽህም።