«እህ?» ያለችኝ ሴት

ባቡር ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ መጀመር የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። እኔ ከነሱ አልነበርኩም። ከዓለም ባንክ ሰፈር በሚኒባስ ተጋፍቼ ጦር ኃይሎች እስክደርስ አፌ አይፈታም፤ ባቡሩ ላይ ስወጣ ነው የሚከፈተው።

መቼም የኛን ባቡር ታውቁታላችሁ። የሴቶች ፉርጎ የሚባል ነገር የለውም። ጠዋት ጠዋት የምንሳፈር ሴቶች ግን የመጨረሻውን ጥግ ይዘናል። ማን ሰጣችሁ? ማንም። ወንድ ተሳስቶ ከገባ አንናገረውም፤ ዝም ብለን እናየዋለን። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ራሱ ይወርዳል። መጨናነቁስ? አንዴ እጃችሁን ካወረዳችሁ እስክትወርዱ መልሳችሁ አታነሱትም።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል። ከፊቴ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ ሴት ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገዋል። ደክሟቸው ነው አልኩ። ሰላም አልኳቸውና ስለ ባሌ እህት ጀመርኩ። ምን ላድርግ? ለአንድ ሳምንት ብላ መጥታ ይኸው ክረምቱ ሊወጣ ነው። ድስቶቼን ሁሉ ቦታ ቀይራቸዋለች። ባሌን አቆላምጣ ስትጠራው የቤቱ እንግዳ እኔ እመስላለሁ።

«እህ?» አሉኝ።

ደስ አለኝ። የሚያዳምጥ ሰው እኮ ጠፍቷል! ቀጠልኩ። «እህ? ከዚያስ?» አሉኝ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ጆሮዬ ሥር። ልደታን እንዳለፍን ባቡሩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ጥጉ ጨለም አለ። ከኔ በቀር የሚያወራ የለም።

«ምን አድርጌያት ነው የጠላችኝ?» አልኩ።

«አልጠላችሽም። ብቻዋን መሆን ፈርታ ነው» አሉኝ።

ዕንባዬ መጣ። እስከዛሬ እንዴት አላሰብኩትም?

ሜክሲኮ ስንደርስ በሩ ተከፈተ፤ የጥጉ ግማሽ ወረደ። ይሄኔ ሴትየዋ በደረቴ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ዓይናቸው ተገልብጧል፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ለካ ያቆማቸው እግራቸው አልነበረም፤ እኛ ነበርን። መውደቂያ ቦታ አጥተው ነው የቆሙት!

አንዷ ቦርሳቸው ውስጥ መድኃኒት አይታ «ስኳር አለባቸው!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ከንፈራቸውን በለስላሳ ደጋግማ አራሰች። እኔ ጭንቅላታቸውን ይዤ ራሴን እረግማለሁ። ሰው ትከሻዬ ላይ እየሞተ እኔ ስለ ድስት አወራለሁ! እጃቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

ከብዙ ጭንቅ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። «የት ነው ያለሁት?» አሉ።

«ሜክሲኮ ነን፤ አይዞዎት እማማ። አሁን እኮ እየተጫወትን ነበር» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ከማን ጋር፣ ልጄ? እኔ ገና ጦር ኃይሎች በሩ ሲዘጋ ነው ዓይኔ የጨለመብኝ። አንቺንም አሁን ማየቴ ነው።»

አጠገቤ የነበሩትን ሁሉ ጠየቅኩ። አንዷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች። ሌላዋ፣ «የርስዎን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ስልክ እያወሩ መስሎኝ!» አለችኝ።

ሴትየዋ ዳኑ፤ ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው። ባሌ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ከማታውቂው ሰው ጋር አታውሪ ብዬሽ አልነበር፣ አለኝ። እህቱ ግን አልሳቀችም። «ድምፁ ምን አለሽ?» አለችኝ። አልነገርኳትም። ብቻ እራት ላይ አጎረስኳት።

ከዚያ ወዲያ ባቡር ውስጥ አፌን ልዘጋ ወሰንኩ። በማግስቱ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ጥጉ ውስጥ ጭጭ ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ ከመስታወቱ በቀር ምንም የለም። ባቡሩ እንደተነሳ ያ የትናንቱ ቀስ ያለ ድምፅ ጆሮዬ ሥር መጣ፤

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አለችኝ።

አልዞርኩም። ምን ይደረጋል? «ይኸውልሽ እንግዲህ...» ብዬ ካቆምኩበት ቀጠልኩላት።