የነፋስ ሚስት እና የእኔ ሰሊጥ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰሊጥ የሚያርስ ሰው ነፋስ ሊወድ ይችላል? አይችልም። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ከታች ጀምሮ አፉን ይከፍታል። ያኔ ነፋስ መጣ ማለት የዓመት ልፋትህ ዓይንህ እያየ መሬት ላይ ተበተነ ማለት ነው። እኔ እንግዲህ ገንዳ ውሃ አካባቢ ሰሊጥ የማርስ ሰው ነኝ፤ በዓለም ላይ አብልጬ የምወደው ተረት ደግሞ የነፋስ ሚስት ተረት ነው። ባለቤቴ አስካል ይህን በሰማች ቁጥር ጤና የለህም ትለኛለች። ተሳስታለች ብዬ አልከራከራትም።

ተረቱን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። በአንድ አገር አዝመራው ተወቅቶ ነፋስ ይጠፋል። ሰባት ቀን ሙሉ እህሉ ከነገለባው አውድማ ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። የአንዲት ልጅ አባት ተስፋ ይቆርጥና ነፋስ ከመጣልኝ ልጄን እድርለታለሁ ብሎ ይምላል። ነፋስ ሆዬ ለካ እየሰማ ነው። ይመጣል፤ ገለባውንም ልጅቱንም ይዞ ይሄዳል። ግድግዳም በርም የሌለው ቤት ይሰጣታል፤ አገር ላገር ያዞራታል። አንድ ቀን በአባቷ አውድማ ላይ ሲያልፉ የእናቷ ነጠላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ታያለች። አውርደኝ ትለዋለች። እሱም ማውረዱን አወርድሻለሁ፣ እግርሽ መሬት ከነካ ግን ሁለተኛ ላነሳሽ አልችልም ይላታል።

ከዚያስ? ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ስታወራልኝ ልጅቱ ትወርዳለች፣ ትወርዳለች፣ እግሯ መሬት ሊነካ ስንዝር ሲቀረው እናቴ ዝም ትላለች። "ከዚያስ?" ስላት "ከዚያማ ተኛ" ትለኛለች። እኔ ይህን የተረቱ መጨረሻ አድርጌ ነው ያደግኩት። ልጅቱ በምድርና በሰማይ መካከል ተንጠልጥላ ቀረች! እንዴት ያለ ጥልቅ ነገር ነው እያልኩ ስደነቅ ኖሬያለሁ። ምናልባት እናቴ እንቅልፏ መጥቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ ለአርባ ዓመት አልመጣብኝም።

ዘንድሮ ታዲያ ይህ ተረት እንደ አዲስ ነፍስ ዘራ። መጀመሪያ ጎንደር ያሉ ልጆች በድምፅ ድራማ ሠሩት። በየስልኩ፣ በየሚሞሪ ካርዱ ተዳረሰ። በእነሱ ድራማ ልጅቱ አትወርድም። ነፋስን መንዳት ተምራለች፤ እንዲያውም እሱ ነው ወዴት ልሂድ ብሎ የሚጠይቃት። የገንዳ ውሃ ባጃጆች ሌላ ነገር መክፈት አቆሙ። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ስሄድ የድራማው ክፍል ሳያልቅ ደረስን። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ምንም ሳንነጋገር ከተማዋን ሁለት ጊዜ ዞርናት። እኔ እኮ የድራማው ተቃዋሚ ነኝ። ግን ሰው የሚቃወመውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ የለበትም?

ቆይቶ አንድ ልብስ ሰፊ ታችኛው ጠርዙ የሰፋ ቀሚስ አውጥቶ የነፋስ ሚስት ብሎ ሰየመው። አንዱ ባጃጅ ከኋላው የነፋስ አማች ብሎ ጻፈ። አስካል፣ ያቺው ጤና የለህም የምትለኝ፣ ቀሚሱን ገዝታ ስትመጣ ምን እንዳልኳት አልነግራችሁም። ምን እንዳለችኝም አልነግራችሁም።

ከዚያ የከተማችን ወጣቶች ቴአትር ሠሩ። አዳራሽ ስላልነበራቸው ባዶ የሰሊጥ መጋዘን ተዋሱ። እሑድ ከሰዓት ነው። ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ነፋስን ሆኖ የሚጫወተው ወፍራም የትራክተር ሹፌር ነው፤ ሲራመድ ወለሉ ይሰማዋል። ነፋስ ካልነፈሰ ነፋስ ነው ማን ይለዋል ብለው አሰቡና የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን አመጡ። ጥሩ አስበዋል። ውስጡን ግን ያራገፈ ሰው አልነበረም።

ሹፌሩ "መጣሁልሽ" ሲል ማሽኑ ተነሳ። ያምና አቧራ፣ ያምና ገለባ፣ ያምና ሰሊጥ በአንድነት ፊታችን ላይ ወረደ። ፊት ለፊት ሙሉ ልብስ ለብሰው የተቀመጡ እንግዶች ነበሩ፤ የቱ ኮት፣ የቱ ገለባ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። መጋዘኑ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ አነጠሰ። እናት ሆና የምትጫወተዋ ልጅ አፏ ሰሊጥ ሞልቶባት ልቅሶዋን እያኘከች ነበር የምታለቅሰው። ስህተት ነው ያለ አንድ ሰው አለ መሰላችሁ? ሕዝቡ እያነጠሰ አጨበጨበ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ዓይኑን እያሸ በዕድሜው እንዲህ ያለ እውነተኛ ነፋስ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሰውየው የቆላ ሰው ነው፤ ነፋስ ያውቃል።

በመጨረሻ ልጅቱ በገመድ ወረደች። ወረደች፣ ወረደች፣ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ። ስንዝር ይቀራታል ብዬ ተናገርኩ። እሺ ይሁን፣ ጮህኩ። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ዞረው አዩኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "እናትህን አውቃታለሁ፤ ደኅና ሴት ናት" አሉኝ። "ምነው ልጄ፣ እቺ ልጅ ለእናቷ ብትገባ አንተን ምን ይጎዳሃል?"

በማግስቱ ሠራተኛ ለመቅጠር ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። አምስት ሄክታር ሰሊጤ ቢጫ ሆኗል። የዓመቱ ተስፋችን በሙሉ እዚያ ማሳ ላይ ነው፤ ሌላ የለንም። ታችኛው ቅርፊት አፉን ሊከፍት ነው። በሦስት፣ ቢበዛ በአራት ቀን ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ካልሆነ ወፍና ጉንዳን ነው የሚበላው። ሂላ የምንለው ነዶውን አናቱን ወደ ሰማይ አድርገን ስናቆመው ነው፤ እንደዚያ ከቆመ ነፋስ ቢመጣም ፍሬው አይፈስም። ሃያ ሰው አገኘሁ። አሥሩን የሚመራው ይሁኔ የሚባል የጎጃም ልጅ ነው፤ አሥሩን ደግሞ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ። ካቦዬ ደመላሽ ጉልበታቸውን አይቶ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። ምን አውቄ?

ለካ ይሁኔ ሥራ ሲጠብቅ ገንዳ ውሃ ከርሞ ቴአትሩን አይቶታል፤ ልምምዱን ደግሞ ሦስት ጊዜ። ሰይድ ደግሞ ድራማውን በደረት ኪሱ ይዞት ነው የሚዞረው። የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፉ። ሰይድ ስልኩን ከፈተ። ድራማው አለቀ፤ ልጅቱ አልወረደችም። ይሁኔ ውሸት ነው አለ። በዓይኔ ስትወርድ አይቻታለሁ አለ። ሰይድ ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ፣ አልወረደችም አለ። ከሰዓት በኋላ ሃያው ሰው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ማጭድ ይዘው ይቆማሉ እንጂ አያጭዱም። አንዱ ሁለት እፍኝ ያጭድና እናቷ ስታለቅስ እያየች እንዴት ዝም ትላለች ብሎ ቀና ይላል። ሌላው ባል የላትም ወይ ብሎ ማጭዱን ይተክላል።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ላስታርቃቸው ሄድኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። እውነተኛው መጨረሻ ይኸውላችሁ ብዬ የእናቴን ስንዝር አመጣሁ። ሃያውም በአንድ ድምፅ ሳቁብኝ። ሰይድ "ጋሼ፣ ታዲያ እስካሁን ተንጠልጥላ ነው?" አለኝ። ይሁኔም አቀፈውና አብረው ሳቁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል አስታርቄያቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ጠባቸው ተመለሱ።

ደመላሽ ግማሹን እናባርር አለ። አባርረን ማንን እናምጣ? ከተማው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ተወስዶ አልቋል። እንዲህ ስንነጋገር በሱዳን በኩል ነፋስ ተነሳ። ትንሽ ነው፤ ቅጠል የሚነካ ያህል። ሰሊጡ ግን ሻሻሻ አለ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጫማዬ ላይ ነጭ ፍሬ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ያን ተረት የወደድኩበትን ቀን ረገምኩ።

ፍርሃት ሰውን ብልህ ያደርጋል መሰለኝ። ገመድ አመጣሁና ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ከፈልኩት። ግራው የይሁኔ፣ ቀኙ የሰይድ። ድርሻውን ቀድሞ አጭዶ፣ አስሮ ሂላ ያደረገ ወገን ዛፉ ሥር የተረቱን መጨረሻ ያወራል። የተሸነፈው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ትንፍሽ አይልም።

ሃያው ሰው ተያየ። ከዚያ ጎንበስ አለ።

ሰሊጥ ሲታጨድ አይቻለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ። እንዲህ ሲታጨድ ግን አላየሁም። ቆመው በሉ። ውኃ እያጨዱ ጠጡ። ደመላሽ እድሜውን ሙሉ ሠራተኛ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ የሚጮህበት ነገር አጥቶ ጀሪካን ተሸክሞ ሲከተላቸው ዋለ። አስካል ምሳ ይዛ መጣችና ምን አስነክተሃቸው ነው አለችኝ። እኔም ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም፤ ማጭድ አነሳሁ። ግን ለማን ልጨድ? ገመዱ ያለፈበት መሃል ላይ አንድ ጠባብ መስመር ተርፋ ነበር፤ እሷን ብቻዬን አጨድኩ። የእናቴ ወገን እኔ ብቻ ነበርኩና።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የሰይድ ወገን በአንድ ሂላ ቀደመ። አንድ ሂላ ብቻ። የይሁኔ ልጆች የመጨረሻውን ነዶ ሲያቆሙ ዋናው ነፋስ መጣ። አቧራውን አነሳው፣ ዛፉን አጎነበሰው፣ የደመላሽን ባርኔጣ ወሰደው። ሂላዎቹ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። አንድ ፍሬ አልወደቀም። እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የቀረበኝን ሂላ አቅፌ ሳምኩት። አስካል እያየችኝ ነበር። እሷም አንዱን አቅፋ ነበር።

ነፋሱ በረድ ሲል ዛፉ ሥር ተሰበሰብን። የይሁኔ ወገን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሰይድ ብድግ አለ። ስልኩን ያወጣል ብለን ስንጠብቅ አላወጣም። ራሱ ማውራት ጀመረ። አውድማውን፣ መሐላውን፣ በር የሌለውን ቤት አወራ። እንዴት ያምርበታል መሰላችሁ። ነጠላው ላይ ደረሰ። አውርደኝ አለችው። ወረደች፣ ወረደች አለ ሰይድ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ።

"እግሯ መሬት ነካ" አለ። "ለእናቷ ገባች።"

የገዛ ወገኖቹ አፋቸውን ከፍተው አዩት። አንዱ ምን ሆነሃል አለው።

"ሥራው ሳያልቅ እንዴት ትውረድ ብዬ ነበር" አለ ሰይድ። "አሁን እኮ አለቀ። እኔም ነገ አገሬ ልገባ ነው፤ እናቴ ዘንድ። ታዲያ እሷን ብቻዋን እላይ ትቻት ልሂድ?"

ስንዝሬን ያን ጊዜ ተውኳት፤ ትውረድ፣ ትግባ አልኩ በልቤ። አስካል በቀሚሷ ጠርዝ ዓይኗን ጠረገች። ሁሉም ወገን አንድ ሆነ፣ ጠቡም በረደ ብዬ እግዜርን ላመሰግን ስል ይሁኔ ከተቀመጠበት ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። አሸንፈውን ሲያበቁ የኛኑ መጨረሻ ወሰዱት፣ ይህ ምን የሚሉት ፍርድ ነው አለ። ወገኖቹ እውነት ነው አሉ። እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ እኛ አትወርድም ብለናል አለ። አሥሩም አትወርድም አሉ። የሰይድ ሰዎች ወርዳለች ብለው ተነሱ።

ይሁኔ ማጭዱን ከመሬት ነቀለና ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ያልታጨደ ሰሊጥ የለዎትም?"

ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። አንድ አገዳ አልቀረም። ሰሊጥ ታጭዶ በማለቁ ያዘንኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።