ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ

(ጥፍር ቤት ነው፤ ከሁለት ወንበርና ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ በላይ አይችልም። ደንበኛዋ የገባችበትን ቤት ሁሉ ስለምታስተምር «ፕሮፌሰሯ» ይሏታል፤ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጥፍር ሠሪዋ ረጋ ያለች ስለሆነች ሞኝ ትመስላለች፤ መምሰሉም አይከፋትም።)

ፕሮፌሰሯ፦ መስኮቱን ዝጊው አልኩሽ እኮ።

ጥፍር ሠሪዋ፦ እትዬ፣ ሽታው እንዲወጣ ብዬ ነው።

ፕሮፌሰሯ፦ ንፋሱ ጸጉሬን ጨረሰው። መርዝ የሚወጣው በዕውቀት እንጂ በመስኮት አይደለም። ሰሞኑን ስልኬ ላይ ያላነበብኩት የለም።

ጥፍር ሠሪዋ፦ (እየዘጋች) እሺ። ቀዩን ልቀባዎ?

ፕሮፌሰሯ፦ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቢልኝ።

ጥፍር ሠሪዋ፦ (ፊደል እየቆጠረች) ቶ... ሉ... ይን።

ፕሮፌሰሯ፦ መልሺው፤ ቶሉይን ለፅንስ መርዝ ነው።

ጥፍር ሠሪዋ፦ ይኼኛው ደግሞ ቶሉይን የለውም ይላል።

ፕሮፌሰሯ፦ ማን ጠየቀው? ሳይጠየቅ «አልሰረቅኩም» የሚል ሌባ ነው።

ጥፍር ሠሪዋ፦ ማጠንከሪያውስ? ፎርማል... ስሙ ረጅም ነው።

ፕሮፌሰሯ፦ አስከሬን የሚያቆዩበት እኮ ነው። ስሙ በረዘመ ቁጥር መርዙ ይከፋል። (ድምጿ ይለሰልሳል) ይኼን ልጅ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩት ታውቂያለሽ? ለጥፍሯ ብላ ልጇን ጎዳች ልባል?

ጥፍር ሠሪዋ፦ እንዲህ አይበሉ እትዬ። ታዲያ ዛሬ ባይቀቡስ?

ፕሮፌሰሯ፦ ነገ የእህቴ ሠርግ ላይ በባዶ ጥፍር ልቁም? ወይ አለመማር።

(ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ካርቶን ትጎትታለች።)

ጥፍር ሠሪዋ፦ እሱን ይተዉት፣ እሱ ለ...

ፕሮፌሰሯ፦ ለዘመድ የተቀመጠ ነው፤ አውቃለሁ። ጥሩ ዕቃ መቼ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ያውቃል? (አንድ ጠርሙስ አንስታ ታገላብጣለች) ይኸው፣ አንድ ፊደል የለበትም። ያልተጻፈ ነገር አልተጨመረም ማለት ነው።

ጥፍር ሠሪዋ፦ እትዬ፣ እሱ እኮ...

ፕሮፌሰሯ፦ የኬሚካል ነገር ላንቺ አይገባሽም። (በገዛ እጇ መቀባት ትጀምራለች) ወይ ኃይሉ፣ አፍንጫ ይሰነጥቃል። የተፈጥሮ ነገር እንዲህ ነው።

(ጥፍር ሠሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠን ብላ ትነሳለች፤ ውሃና ሳሙና ይዛ ትመለሳለች።)

ጥፍር ሠሪዋ፦ እጅዎን ይስጡኝ።

ፕሮፌሰሯ፦ ገና ሳይደርቅ?

ጥፍር ሠሪዋ፦ ካርቶኑ የሚጣል ዕቃ የምናጠራቅምበት ነው። የቀቡት ደግሞ ቀለም አይደለም፤ በማጣበቂያ የተለጠፈ ጥፍር የምናላቅቅበት ነው። ጽሑፍ ነበረው፤ ፈሰሰበትና ራሱ ፈሳሹ ወረቀቱን በላው።

(ፕሮፌሰሯ ፊቷ አመድ ይመስላል። በአንድ እጇ ሆዷን ትይዛለች፤ በሌላው ጠርሙሱን ጨብጣ ቀርታለች።)

ፕሮፌሰሯ፦ ታዲያ ለምን... ለምን ዝም አልሽ?

ጥፍር ሠሪዋ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሲያስተምሩኝ ነበር። አሁን ቶሎ ይታጠቡ፣ ከዚያ ሐኪምዎን ይጠይቃሉ። እንግዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ ለቀቀ፤ እርስዎም ይልቀቁት።